ለኢንዶሜትሪዮሲስ የትኛው ምርመራ ይሻላል? የብግነት ጠቋሚዎች፣ የምስል ምርመራና ላፓሮስኮፒ ሲነጻጸሩ

ኢንዶሜትሪዮሲስ ብግነት (ኢንፍላሜሽን፣ የሰውነት መቆጣት) ያለበት በሽታ ነው። እንግዲያው ብግነትን የሚለካ የደም ምርመራ በሽታውን ማግኘት አለበት ብሎ ማሰብ ያለ ነው። የሚታዘዘው ምርመራም ብዙ ነው፦ ሲአርፒ፣ ኢኤስአር፣ ሲኤ-125፣ ኢንተርሉኪን፣ አሁን አሁን ደግሞ የምራቅ ምርመራ። አልትራሳውንድ፣ ኤምአርአይና ላፓሮስኮፒም (በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ሆድ ውስጥ አስገብቶ ማየት) አሉ። አንዲት ሴት የላብራቶሪ ወረቀቶቿን ሰብስባ ትመጣለች። ሁሉም «ኖርማል» ይላሉ። ሕመሟ ግን ንቅንቅ አላለም።

አቋሜን ከመነሻው ልናገር። ብቻውን ቆሞ «በሽታው አለ» ወይም «የለም» የሚያሰኝ የብግነት የደም ምርመራ እስካሁን የለም። የደም ውጤትሽ ኖርማል ሆነ ማለት ሕመምሽ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ይህን ማንም ቢልሽ አትቀበዪው።

ብግነቱ ያለው የት ነው?

ምርመራዎቹን ከማወዳደራችን በፊት በሽታው ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ እንይ። ይህ ከገባሽ የደም ምርመራው ለምን እንደሚስተው ይገባሻል።

በኢንዶሜትሪዮሲስ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋንን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ ይበቅላል። ኦቫሪ ላይ፣ የሆድ ዕቃን በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ፣ አንጀት ላይ ወይም ፊኛ ላይ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም ወደ 190 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ይህ በሽታ እንዳለባቸው ይገምታል።

የወር አበባ ሲመጣ ደሙ ሁሉ ወደ ውጭ አይወጣም። ወደ 90 በመቶ በሚሆኑ ሴቶች ጥቂቱ በማህፀን ቱቦ በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ ዳሌ ውስጥ ይገባል። በአብዛኞቹ ላይ ማክሮፋጅ የሚባሉት ጠራጊ ሴሎች ይበሉትና ነገሩ ያበቃል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ባለባት ሴት ግን የተለየ ነገር ይታያል። ማክሮፋጆቹ በቁጥር ይበዛሉ፤ የመጥረግ አቅማቸው ግን ይደክማል። በአካባቢው የሚገኙት ናቹራል ኪለር የሚባሉ ገዳይ ሴሎችም ይዳከማሉ። የደም ሴሎች ሲፈርሱ ብረት ይለቃሉ፤ ብረቱ ደግሞ አካባቢውን ያስቆጣል። የተቆጡት ማክሮፋጆች ኢንተርሉኪን-1፣ ኢንተርሉኪን-6፣ ኢንተርሉኪን-8 እና ቲኤንኤፍ-አልፋ የተባሉ ኬሚካላዊ መልእክቶችን ይረጫሉ። ኢንተርሉኪን-8 ሌሎች ነጭ የደም ሴሎችን ይጠራል፣ አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉም ያግዛል። በቦታው የነርቭ ጫፎችም ይበቅላሉ። ሕመሙ የሚብሰው አንድም በዚህ ነው።

ሆርሞንም ይገባበታል። ፕሮስታግላንዲን ኢ2 የተባለው የብግነት ኬሚካል፣ በሽታው ያለበት ሥጋ ራሱ ኢስትሮጅን እንዲያመርት ይገፋዋል። ኢስትሮጅኑ ደግሞ ተጨማሪ ፕሮስታግላንዲን ያስመርታል። አንዱ ሌላውን እያቀጣጠለ ይሄዳል። የሆርሞን መድኃኒቶች ሕመሙን የሚቀንሱት ይህን ዑደት ስለሚሰብሩ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የሚካሄደው የት ነው? ዳሌ ሥር በተጠራቀመ ጥቂት ፈሳሽና በዙሪያው ባለው ሥጋ ውስጥ ነው። ከክንድሽ የሚቀዳው ደም ግን መላ ሰውነትሽን ዞሮ የመጣ ነው። ጓዳ ውስጥ የሚጤሰውን ከዋናው መንገድ ላይ ሆኖ ለማሽተት እንደመሞከር ነው። ተመራማሪዎች ፈሳሹን ከዳሌ ውስጥ ቀድተው ሲለኩ ልዩነቱን በግልጽ ያዩታል። በደም ሲለኩት ግን የታማሚዋና የጤነኛዋ ቁጥር እየተቀላቀለ ያስቸግራል።

በምን እንመዝናቸው?

እያንዳንዱን ምርመራ አራት ነገር እንጠይቀው። አንደኛ፣ ውጤቱ ኖርማል ሲሆን በሽታው የለም ብዬ ልተማመን? ሁለተኛ፣ ውጤቱ ከፍ ሲል ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው ማለት ነው ወይስ ሌላ ነገርም ከፍ ያደርገዋል? ሦስተኛ፣ በሰውነትና በኪስ ላይ የሚያደርሰው ጫና ምን ያህል ነው?

አራተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል፦ ውጤቱ የሚቀጥለውን እርምጃ ይለውጣል ወይ? ከፍ ቢልም ዝቅ ቢልም ሐኪምሽ ያው አንዱን ነገር የሚያደርግ ከሆነ ገንዘብሽን አትክፈዪበት።

ሲኤ-125

ስለዚህ ምርመራ ረዘም አድርጌ የምጽፈው፣ ብዙ ሴት የሚያስደነግጠውም በከንቱ የሚያረጋጋውም እሱ ስለሆነ ነው። ሲኤ-125 ፕሮቲን ነው። የሆድ ዕቃ ሽፋንና የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ያመርቱታል። ይበልጥ የሚታወቀው ለኦቫሪ ካንሰር ክትትል ነው። አብዛኛው ላብራቶሪ የሚጠቀምበት ጣሪያ በሚሊ ሊትር 35 ዩኒት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ የጥናቶች ጥቅል 30ን እንደ መለያ ወስዶ እንዲህ አገኘ፦ ምርመራው በሽታው ካለባቸው ሴቶች 52 በመቶውን ያገኛል፤ በሽታው ከሌለባቸው ደግሞ 93 በመቶውን በትክክል «የለም» ይላል። ወደ ሰው እንለውጠው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባቸውን 100 ሴቶች ብትመረምሪ 48ቱ «ኖርማል» የሚል ወረቀት ይዘው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ግማሽ በግማሽ ማለት ነው። የሚያመልጠው በተለይ ቀለል ያለው ደረጃ ነው። ቀለል ያለ ደረጃ ስል በዓይን ሲታይ ማለቴ ነው። ሕመሙ በደረጃው ልክ አይሄድም።

ከፍ ሲልስ? ማዮማ፣ እርግዝና፣ የመራቢያ አካላት ኢንፌክሽን፣ የጉበት በሽታ፣ የሆድ ዕቃ ቲቢ ሁሉም ከፍ ያደርጉታል። የወር አበባ ራሱም ያደርገዋል። እንበልና አንዲት ሴት በወር አበባዋ ሁለተኛ ቀን ደም ሰጥታ 46 መጣ። ያቺው ሴት ደሙ ከቆመ ከሳምንት በኋላ ብትሰጥ ከ35 በታች ሊመጣ ይችላል። በመሃል የተለወጠ በሽታ የለም፤ የተለወጠው ቀኑ ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ደም የተሰጠበት የዑደት ቀን ካልተጻፈ ቁጥሩን ብቻ ይዞ መጨነቅ አያስፈልግም። ኦቫሪ ላይ ያለ የኢንዶሜትሪዮሲስ ከረጢት ሲፈነዳ ደግሞ ቁጥሩ ካንሰር እስኪያስመስል ድረስ ሊተኮስ ይችላል።

የእኔ ፍርድ፦ በሽታውን ለማስቀረት አትጠቀሚበት። በአልትራሳውንድ የታየ ከረጢት ምንነት ሲያጠራጥር፣ በተለይ ከማረጥ በኋላ፣ ሐኪሙ ካዘዘው ግን ምክንያት አለው።

ሲአርፒ፣ ኢኤስአርና የነጭ የደም ሴሎች ንጽጽር

ሲአርፒን የሚያመርተው ጉበት ነው። ትእዛዙን የሚሰጠው በዋናነት ኢንተርሉኪን-6 ነው። ኢንፌክሽን ሲኖር በሰዓታት ውስጥ ይወጣል። መንስኤው ሲወገድ ደግሞ በየ19 ሰዓቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይወርዳል። ለፈጣን ነገር ግሩም ጠቋሚ ነው። ኢንዶሜትሪዮሲስ ግን ቀስ ብሎ ለዓመታት የሚጤስ ነው። ሲአርፒ በብዙዎቹ ኖርማል ክልል ውስጥ ይቀራል፤ ትንሽ ከፍ ቢልም ውፍረት፣ ሲጋራ ወይም ኢስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ክኒን ያን ያህል ሊያደርገው ይችላል። የመጨረሻውን ልብ በዪ። ለሕመሟ የታዘዘላትን ክኒን የምትወስድ ሴት ሲአርፒዋ ትንሽ ከፍ ቢል በሽታው ባሰ ማለት ላይሆን ይችላል።

ሲአርፒ ቦታ አለው። ሕመሙ በድንገት መጥቶ ትኩሳት ካስከተለ ጥያቄው «ኢንዶሜትሪዮሲስ ነው ወይ?» መሆኑ ይቀራል። «ትርፍ አንጀት ነው? የመራቢያ አካላት ኢንፌክሽን ነው? መግል ተቋጥሯል?» ይሆናል። ያኔ ሲአርፒ ገንዘቡን ይመልሳል።

ኢኤስአር፣ ማለትም ቀይ የደም ሴሎች የሚዘቅጡበት ፍጥነት፣ ከሲአርፒ የዘገየና የደነዘዘ ነው። የደም ማነስ ከፍ ያደርገዋል። የወር አበባቸው የሚበዛ ሴቶች ደግሞ የደም ማነስ አያጣቸውም። ለዚህ በሽታ አልመክረውም።

ኒውትሮፊል የተባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ሊምፎሳይት ለተባሉት በማካፈል የሚገኘው ቁጥር ከተራው የደም ቆጠራ ስለሚወጣ ተጨማሪ ወጪ የለውም። ጥሩነቱም እዚያ ላይ ያበቃል። ጭንቀት፣ ጉንፋን፣ ስቴሮይድ መድኃኒት ያዛባዋል። ደም ቆጠራውን ለሄሞግሎቢኑ ብለሽ አሠሪው። ብዙ ደም ለሚፈሳት ሴት ሄሞግሎቢንና የብረት ክምችት ማወቅ በእርግጥ እርምጃ ይለውጣል።

ኢንተርሉኪን፣ ቲኤንኤፍና ፀረ-አካል

ለምርምር ድንቅ ናቸው፤ ለአንዲት ታማሚ ውሳኔ ግን አይጠቅሙም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ግምገማ 141 ጥናቶችንና 122 የደም ጠቋሚዎችን መረመረ። ላፓሮስኮፒን የሚተካ አንድም አላገኘም። የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር በ2022 መመሪያው ሐኪሞች በደም፣ በማህፀን ሽፋን ናሙናም ሆነ በወር አበባ ፈሳሽ የሚለኩ ጠቋሚዎችን ለዚህ በሽታ መለያ እንዳይጠቀሙ በግልጽ መክሯል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ነገር አለ። ቲኤንኤፍ ከፍ ካለ ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት ሕመሙን ያስታግሳል ተብሎ ኢንፍሊክሲማብ ተሞክሯል። በሙከራው ከማስመሰያው መድኃኒት የተሻለ የሕመም ለውጥ አላመጣም። ጠቋሚው ከፍ አለ ማለት የሕመሙ መቆጣጠሪያ እሱ ነው ማለት አይደለም። ስለዚህ «የኢሚዩን ፓኔል» በሚል ስም አሥርና ሃያ ጠቋሚ በአንድ ላይ የሚሸጥልሽ ካለ «በውጤቱ የትኛው መድኃኒት ይለወጣል?» ብለሽ ጠይቂ።

የምራቅ ምርመራ

በቅርብ ዓመታት ተስፋ የታየበት ይህ ነው። ብግነትን በቀጥታ አይለካም። ምራቅ ውስጥ ያሉ 109 ማይክሮአርኤንኤ የተባሉ ጥቃቅን የዘር መልእክቶችን በአንድነት አንብቦ በኮምፒውተር ስሌት ይፈርዳል። ፈረንሳይ ውስጥ በ200 ሴቶች ላይ በተደረገ ማረጋገጫ በሽታው ያለባቸውን ከ100 ወደ 96፣ የሌለባቸውን ከ100 ወደ 95 በትክክል ለይቷል። ቁጥሩ ከሲኤ-125 ጋር አይወዳደርም።

ጥንቃቄዬ ሁለት ነው። ጥናቱ የተሠራው በሽታው ይኖርባቸዋል ተብለው በልዩ ማዕከላት በሚታዩ ሴቶች ላይ ነው። ሕመም የሌላት ሴት ለማጣሪያ ብታደርገው ያው ቁጥር ይሠራል ማለት አይቻልም። ሁለተኛ፣ በሽታው የት እንዳለ አይናገርም። አንጀት ላይ ይሁን ኦቫሪ ላይ ለማወቅ ምስል ያስፈልጋል። የፈረንሳይ የጤና ባለሥልጣንም ቦታ የሰጠው ምርመራና ምስል ታይቶ ጥርጣሬው ላልጠራላቸው ነው። በብዙ አገር የለም፤ ባለበትም ውድ ነው።

አልትራሳውንድና ኤምአርአይ

እዚህ ላይ ሐሳቤን ያለ ማመንታት እሰጣለሁ። ገንዘብሽ ለአንድ ምርመራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስን ማየት በሠለጠነ ባለሙያ በብልት በኩል የሚሠራ አልትራሳውንድ አሠሪ። ኦቫሪ ላይ ያለውን፣ በውስጡ ባረጀ ደም ቀለም ምክንያት ቸኮሌት ሲስት የሚባለውን ከረጢት በደንብ ያያል። ወደ አንጀትና ወደ ማህፀን ጅማቶች ጠልቆ የገባውንም ያያል። ኦቫሪና ማህፀን ሳይጣበቁ መንሸራተታቸውንም በቀጥታ ያሳያል። ጨረር የለውም።

ሁሉ ነገር ግን በሚያየው ሰው እጅ ላይ ነው። ሪፖርቱ «ማህፀን ኖርማል፣ ኦቫሪ ኖርማል» ብሎ በሁለት መስመር ካለቀ ኢንዶሜትሪዮሲስ ተፈልጎ ላይሆን ይችላል። የኦቫሪ መንሸራተት፣ ከማህፀን ጀርባ ያለው ኪስ፣ አንጀት ስማቸው ከተጠቀሰ ግን ባለሙያው አውቆ ፈልጓል። ከመመርመርሽ በፊት ጥርጣሬው ኢንዶሜትሪዮሲስ መሆኑ ማዘዣው ላይ ይጻፍልሽ።

ኤምአርአይ ሰፋ ያለ ካርታ ይሰጣል። ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ወይም በብልት በኩል መመርመር ሳይቻል ሲቀር ይመረጣል። ሁለቱም ግን በሽፋኑ ላይ ብቻ የተበተኑ ጥቃቅን ነጥቦችን ሊስቱ ይችላሉ።

ላፓሮስኮፒ

በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ማየት፣ ናሙና መውሰድ፣ እዚያው ማስወገድም። ለረጅም ጊዜ የመጨረሻው ዳኛ እሱ ነበር። የ2022ቱ የአውሮፓ መመሪያ ግን ይህን ማዕረግ አንስቷል። ምስል ምንም ላላሳየባቸው፣ ወይም መድኃኒት ላልሠራላቸው ወይም ለማይስማማቸው ይመከራል። ማደንዘዣና የቀዶ ሕክምና አደጋ ስላለው ለማወቅ ብቻ ብሎ መግባት ከባድ ውሳኔ ነው። ከገባሽ፣ ያየውን ማስወገድ በሚችል ሐኪም ይሁን። ሁለት ጊዜ መደንዘዝ የሚፈልግ የለም።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| ምርመራ | ኖርማል ቢሆን በሽታውን ያስቀራል? | ምን ያዛባዋል? | ጫናና ወጪ | የሚጠቅመው መቼ ነው? |
|---|---|---|---|---|
| ሲኤ-125 | አያስቀርም | የወር አበባ፣ ማዮማ፣ ኢንፌክሽን፣ ቲቢ | ደም፤ መካከለኛ | አጠራጣሪ ከረጢት ሲኖር |
| ሲአርፒ | አያስቀርም | ኢንፌክሽን፣ ውፍረት፣ ክኒን | ደም፤ አነስተኛ | ድንገተኛ ሕመምና ትኩሳት |
| ኢኤስአር | አያስቀርም | የደም ማነስ፣ ዕድሜ፣ እርግዝና | ደም፤ አነስተኛ | ለዚህ በሽታ አይመከርም |
| የኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት ንጽጽር | አያስቀርም | ጭንቀት፣ ጉንፋን፣ ስቴሮይድ | ከደም ቆጠራ የሚወጣ | ለብቻው አይረዳም |
| ኢንተርሉኪን፣ ቲኤንኤፍ | አያስቀርም | ማንኛውም ብግነት | ደም፤ ውድ | ለምርምር |
| የምራቅ ምርመራ | ጥርጣሬን በእጅጉ ይቀንሳል | በጤነኞች ማጣሪያ አልተረጋገጠም | ቀላል፤ ውድ | ምስል ሳይለየው ሲቀር |
| አልትራሳውንድ | ከረጢትና ጥልቁን በብዛት፤ ላይ ላዩን አይደለም | የባለሙያው ልምድ | ቀላል፤ ከኤምአርአይ ያነሰ | ለመጀመሪያ |
| ኤምአርአይ | እንደ አልትራሳውንድ | የአንባቢው ልምድ | ውድ | ለቀዶ ሕክምና ካርታ |
| ላፓሮስኮፒ | በሠለጠነ እጅ በብዛት አዎ | የሐኪሙ ልምድ | ከሁሉም ከባድ | መድኃኒት ሳይሠራ ሲቀር |

ለየትኛዋ ሴት የትኛው?

*የወር አበባ ሕመም፣ በግንኙነት ጊዜ ሕመም፣ ሰገራ ስትወጪ ሕመም ካለና ገና ካልተመረመርሽ።* ታሪክሽን በዝርዝር መናገር፣ የአካል ምርመራ፣ ጥሩ አልትራሳውንድ። የደም ቆጠራ ለደም ማነስ። ለጊዜው ሌላ አያስፈልግሽም። ማረጋገጫ እስኪመጣ ሕክምና አይቆምም፤ መድኃኒቱን በጥርጣሬ ብቻ መጀመር ተቀባይነት ያለው አካሄድ ነው።

*ምስሉ ንጹሕ፣ ሕመሙ ያው ከሆነ።* ለማርገዝ ካላሰብሽ የሆርሞን ሕክምና ለጥቂት ወራት ሞክሪ። ካልተሻለሽ በልዩ ባለሙያ እንደገና መታየት፣ ከዚያ ላፓሮስኮፒ። የምራቅ ምርመራ ባለበትና አቅሙ ሲኖር የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

*ልጅ እየፈለግሽ ከሆነ።* የሆርሞን መድኃኒት እርግዝናን ስለሚያዘገይ መንገዱ ሌላ ነው። ከብግነት ጠቋሚ ይልቅ የእንቁላል ክምችትን የሚጠቁመው ኤኤምኤች ይጠቅምሻል፤ በተለይ የኦቫሪ ከረጢት ሊወጣልሽ ከታሰበ ከቀዶ ሕክምናው በፊት። ቀዶ ሕክምናው ክምችቱን ሊቀንስ ይችላል።

*በሽታው ታውቆ መድኃኒት ጀምረሽ «እየሠራ ነው ወይ?» ካልሽ።* ደም አትስጪ። የሕመሙን ቀን፣ መጠን፣ የወሰድሽውን ማስታገሻ፣ ከሥራ የቀረሽበትን ቀን ጻፊ። ከረጢት ካለ በአልትራሳውንድ ይለካ። ሲኤ-125 ቢወርድ እንኳ ሕመምሽ ካልወረደ መድኃኒቱ ለአንቺ አልሠራም።

*ከማረጥ በኋላ አዲስ ከረጢት ከተገኘ።* እዚህ ሲኤ-125 በደንብ ይፈለጋል። ጥያቄው ካንሰርን ማስቀረት ስለሆነ ሳይዘገይ ልዩ ሐኪም ይይሽ።

*ድንገተኛ ኃይለኛ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ራስን መሳት።* ድንገተኛ ክፍል ነው። የእርግዝና ምርመራ፣ የደም ቆጠራ፣ ሲአርፒ፣ አልትራሳውንድ በአንድ ላይ።

*ታዳጊ ልጅ ከሆነች።* ግንኙነት ላልጀመረች ልጅ በብልት በኩል አልትራሳውንድ አይሠራም፤ በሆድ በኩል ወይም ኤምአርአይ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ምንም አይታይም። የወር አበባዋ በመጣ ቁጥር ከትምህርት የምትቀር ከሆነና አይቡፕሮፌን የመሰለ ማስታገሻ በትክክል ተወስዶ ካልበቃት፣ ሐኪሙ ደም ሳይቀዳ በፊት ስንት ቀን እንደቀረች ይጠይቃት። እናትየውም ቀኖቹን በወረቀት ጽፋ ብትይዝ ለሐኪሙ ከየትኛውም የብግነት ቁጥር የበለጠ ይነግረዋል።